ከጠመኔ ወደ ማይክሮፎን፣ ከማይክሮፎን ወደ ቃል አቀባይነት፦ በጣና ዳርቻ የሦስት ሙያዎች ጉዞ

በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ዓባይ ከሐይቁ ተላቅቆ ጉዞውን በሚጀምርበት ሥፍራ የተቆረቆረችው ባህር ዳር ስሟ የሚነሣው በዘንባባዎቿ፣ በአካባቢዋ በሚገኙት የደሴት ገዳማትና በደንገል ታንኳዎቿ ነው። በሥራው ዓለም ግን ከተማዋ ሌላም መታወቂያ አላት። የመምህራን ማፍሪያው ተቋም፣ የክልሉ መገናኛ ብዙኃንና የክልሉ መንግሥት ቢሮዎች በአንድ ከተማ ውስጥ በመገኘታቸው አንድ ባለሙያ በሥራ ዘመኑ የሦስቱንም በር ሊያንኳኳ ይችላል። በሃያዎቹ ዕድሜው በገጠር ትምህርት ቤት ጠመኔ ይዞ የቆመ፣ በሠላሳዎቹ ድምፁ በሬዲዮ የተለመደ፣ በአርባዎቹ ደግሞ የአንድ ቢሮ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሆኖ የቀድሞ ባልደረቦቹ ለሚያነሡለት ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሰው በዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም።

ባለሙያው ከአንዱ ሙያ ወደ ሌላው ሲሻገር ይዞት የሚሄደው ችሎታ አንድ ነው፤ ይኸውም ከበድ ያለውን ጉዳይ ለብዙ ሰው በሚገባ ቋንቋ ማስረዳት ነው። ተጠያቂነቱ ግን አንድ አይደለም። መምህሩ ለተማሪው፣ ጋዜጠኛው ለአድማጩ፣ ቃል አቀባዩ ደግሞ ለወከለው መሥሪያ ቤት ይጠየቃል። ችሎታው ሳይቀየር ተጠያቂነቱ በሚቀየርበት በዚህ መሻገሪያ ላይ የሕዝብ አመኔታ ይገኛል፤ ወይም ይታጣል።

ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ከትምህርት የሚጀምረው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1955 ዓ.ም. በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመው የባህር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ለአገሪቱ የቴክኒክ ባለሙያዎችን ሲያፈራ፣ በ1965 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ትብብር የተመሠረተው የሥነ ትምህርት አካዳሚ ግን ሰፋ ያለ ዓላማ ተይዞለት ነበር። አካዳሚው ለአንደኛ ደረጃ መምህራን ማሠልጠኛዎች አሠልጣኞችን፣ የትምህርት ሱፐርቫይዘሮችን፣ እንዲሁም በጎልማሶች ትምህርትና በኅብረተሰብ ልማት መስክ የሚሠሩ ባለሙያዎችን እንዲያፈራ ይጠበቅበት ነበር። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከገጠሩ ኑሮ ጋር እንዲዛመድ ማድረግም የተቋሙ ተልዕኮ ነበር። በሌላ አነጋገር ከዚያ የሚወጣ ሰው ከክፍል ውጭም፣ በማሳ ዳርና በገበያ ቀን፣ ፊደል ካልቆጠረ ጎልማሳ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ማወቅ ነበረበት። ሁለቱ ተቋማት በ1992 ዓ.ም. ተዋህደው ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲን ቢመሠርቱም የከተማው ሰው ግቢዎቹን ‹‹ፔዳ›› እና ‹‹ፖሊ›› እያለ መጥራቱን አልተወም።

በሌላ በኩል ጋዜጠኝነት በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በዲግሪ ደረጃ መሰጠት የጀመረው በጣም ዘግይቶ ነው። ከዚያ በፊት ለሬዲዮና ለጋዜጣ ሰው ሲፈለግ ቋንቋውን አጣርቶ የሚያውቅ፣ በብዙ ሰው ፊት መናገር የማይፈራ፣ ጽሑፉን በሰዓቱ የሚያደርስ ሰው ነበር የሚታየው። እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ አሟልቶ መገኘት ከሌላው ይልቅ ለመምህር ይቀለዋል። ሥልሳና ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ከኋላ የተቀመጠውን ልጅ ዓይን ከጥቁር ሰሌዳው እንዳይነቀል ማድረግ የቻለ ሰው፣ የማያየውን አድማጭ ለመያዝ ቢያንስ ግማሹን መንገድ ሄዷል ማለት ይቻላል።

የቀረው ግማሽ ግን ቀላል አይደለም። ሬዲዮ በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1927 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በወረራ ዋዜማ ለዓለም ሕዝብ ንግግር ያሰሙት በዚሁ ጣቢያ ነበር። ቴሌቪዥን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ተከተለ። ሁለቱም በኋላ ለትምህርት አገልግሎት መዋል ጀመሩ፤ የትምህርት ሚኒስቴርም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የራሱን የትምህርት መገናኛ ዘዴ አደራጀ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ማንበብና መጻፍ የማይችለው ሕዝብ ከ90 በመቶ በላይ እንደነበር ይገመታል። በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። መምህርነትና የመንግሥት ቅስቀሳ እጅና ጓንት ሆነው ከሠሩባቸው ጊዜያት ይህ ዋነኛው ሳይሆን አይቀርም። አንድ ዘማች ፊደል ሲያስቆጥር ያስተምር ነበር፤ ንባብ ሲያለማምድ ደግሞ በመጽሐፉ ውስጥ የነበረውን የወቅቱን መፈክር ጭምር ያስተላልፍ ነበር። በሁለቱ መካከል የሚያልፈው መስመር ለዘማቹም ለተማሪውም ሁልጊዜ ግልጽ ነበር ማለት ያስቸግራል።

የሬዲዮ ትምህርት አሠራር ራሱን የቻለ ጥበብ በመሆኑ በጥቂቱ ማብራራት ይገባል። ትምህርቱ በአየር ላይ ከመዋሉ በፊት ለክፍሉ መምህር መመሪያ ይላካል። መምህሩ አዳዲሶቹን ቃላት ቀድሞ በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ሬዲዮው ሲከፈት ደግሞ ከተማሪዎቹ ጋር አብሮ ያዳምጣል። የስቱዲዮው ተናጋሪ ጥያቄ ጠይቆ ለጥቂት ሰኮንዶች ዝም ይላል። ዝምታው የተሳሳተ ሳይሆን የታሰበበት ነው፤ የማያያቸው ልጆች በአንድ ድምፅ የሚመልሱበት ጊዜ ነው። ጊዜው ካጠረ ልጆቹ ሳይመልሱ ይታለፋሉ፤ ከረዘመ ክፍሉ ይበጠበጣል። ፕሮግራሙ ሲያልቅ መምህሩ ሥራውን ይቀጥላል፤ ያልገባውን ልጅ ለይቶ የሚያውቀው እሱ ነውና።

በዚህ ሥራ ያለፈ ጸሐፊ ቃላትን የሚመርጠው እንደ ሌላው አይደለም። ለምሳሌ ‹‹ሐይቅ›› የሚለውን ቃል ለአንድ ትምህርት ቢያዘጋጅ፣ በደቅ ደሴት ለሚኖር ልጅ ሐይቅ ማለት ወደ ገበያ የሚሄድበት መንገድ ነው። በዘጌ ልሳነ ምድር በቡና ተክል መካከል ለሚያድገው ልጅ የማለዳ ጉም የሚነሣበት ውኃ ነው። በዋግ ተራሮች ለሚማረው ልጅ ግን ምናልባት በዓይኑ አይቶት የማያውቀው ነገር ነው። ጸሐፊው ሦስቱንም የሚያስረዳ አንድ ዓረፍተ ነገር ማግኘት አለበት። አድማጭ እንደ አንባቢ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያነብ አይችልምና ዓረፍተ ነገሩ በመጀመሪያው ጊዜ መግባት ይኖርበታል።

ይህ ሚዛን ሲዛባ ምን እንደሚከተል በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት አሳይቷል። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁ በእንግሊዝኛ የሚተላለፉ ትምህርቶች በሳተላይት አማካይነት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገቡ፣ ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን የያዘው ቴሌቪዥኑ ነበር። መምህሩ የተረፈችው ጥቂት ደቂቃ ለመግቢያና ለማጠቃለያ ብቻ የምትሆን ነበረች። ሥርጭቱ ልጁ አልገባኝም ብሎ እጁን ሲያወጣ አይቆምም፤ መብራት በጠፋበት ቀን ደግሞ ትምህርቱ ያመልጣል። በርቀት ላለ ተማሪ ጥራቱ ተመሳሳይ የሆነ ትምህርት ለማዳረስ የታሰበው በጎ ሐሳብ ነበር። ሆኖም ብሮድካስቱ መምህሩን ከማገዝ አልፎ ሊተካው በመሞከሩ ከመምህራንም ከተመራማሪዎችም ብርቱ ትችት ደርሶበታል። ከትምህርት ወደ ብሮድካስት የተሻገረ ሰው የመጀመሪያ ትምህርቱን ከዚህ ሊወስድ ይችላል፤ ማሠራጨት ማስረዳት ማለት አይደለም።

በክልሉ የራስ መገናኛ ብዙኃን ሲቋቋም ለዚህ ዓይነቱ ባለሙያ ሰፊ መስክ ተከፈተ። በኩር ጋዜጣ በ1987 ዓ.ም. መታተም ጀመረ፤ ስሙም እንደሚያመለክተው የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነው። ቀጥሎ የሬዲዮ፣ ኋላም የቴሌቪዥን ዝግጅቶች ተጀምረው የአማራ ብዙኃን መገናኛ ድርጅት ተባለ፤ ዛሬ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን በሚል መጠሪያ ይታወቃል። ከአማርኛ ሌላ በአዊኛ፣ በኽምጥኛና በኦሮምኛ የሚተላለፉት ዝግጅቶች በተለይ መምህራንን ፈላጊ ሆኑ። በእነዚህ ቋንቋዎች በጽሑፍ መሥራት የለመደ ሰው በቅድሚያ የሚገኘው ልጆችን በቋንቋው ከሚያስተምሩት መካከል ነበርና።

ይሁን እንጂ ጥሩ መምህር ሁሉ ጥሩ ዘጋቢ አይሆንም። መምህር ጥያቄ ሲጠይቅ መልሱን ያውቀዋል፤ የሚጠይቀው ተማሪው ማወቁን ለማረጋገጥ ነው። ዘጋቢ የሚጠይቀው ግን ስለማያውቅ ነው፤ ወይም ቢያውቅም ሌላው ወገን የሚለውን መስማት ስላለበት ነው። ከክፍል የመጣ ዘጋቢ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቃለ ምልልሱን ወደ ፈተና የመለወጥ፣ ዜናውንም በምክር የመደምደም ዝንባሌ ይታይበታል። ‹‹ኅብረተሰቡ ሊነቃ ይገባል›› በሚል ዓረፍተ ነገር የሚያልቁ ዘገባዎች የዚህ ልማድ ትሩፋት ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሦስተኛው በር የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ነው። በፌዴራል ደረጃ ለረዥም ጊዜ ሥራውን ይመራ የነበረው የማስታወቂያ ሚኒስቴር በ2001 ዓ.ም. ቀርቶ የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ተተካ። ይህም በ2011 ዓ.ም. ሲታጠፍ ኃላፊነቱ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት ፕሬስ ሴክሬታሪያት ተላለፈ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥት ኮሙኒኬሽን አገልግሎት ተቋቋመ። ክልሎችም፣ አማራ ክልልን ጨምሮ፣ ተመሳሳይ መሥሪያ ቤቶችን በየጊዜው በተለያየ ስያሜ አደራጅተዋል። ከትምህርት ወደዚህ ሥራ የተደረገ መሻገር በጉልህ ከታየባቸው አጋጣሚዎች አንዱ የዶክተር ነገሪ ሌንጮ ሹመት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ያስተምሩ የነበሩት ዶክተር ነገሪ በጥቅምት 2009 ዓ.ም. የጽሕፈት ቤቱ ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር በነበረችበት ወቅት ሲሆን፣ እስከ 2010 ዓ.ም. በኃላፊነቱ ቆይተዋል። ጋዜጠኛ ቃል አቀባይን እንዴት መጠየቅ እንዳለበት ሲያስተምሩ የነበሩት ሰው በአንድ ጊዜ ተጠያቂው ቃል አቀባይ ሆኑ ማለት ነው።

ሕጉ ስለዚህ ሥራ የሚለው ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሲባል በአብዛኛው ወደ አእምሮ የሚመጣው መግለጫ የሚያዘጋጅ፣ በስብሰባ ላይ ፎቶግራፍ የሚያስነሣ፣ መጽሔት የሚያሳትም ሰው ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 ግን እያንዳንዱ የመንግሥት አካል የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ እንዲመድብ ያዘዘው በዋናነት ለመልስ ሰጪነት ነው። መረጃ የጠየቀ ማንኛውም ሰው በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ ማግኘት እንዳለበት፣ ከተከለከለም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽለት፣ ቅር ካለውም እስከ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት እንዲችል አዋጁ ደንግጓል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። በሕግ ዓይን ስንመለከተው ሁለቱም፣ ጋዜጠኛውም ቃል አቀባዩም፣ በመጨረሻ የሚጠየቁት ለአንድ ዜጋ ነው። በተግባር ግን ቃል አቀባዩን የሚሾመውና የሚያነሣው ዜጋው አይደለም።

ልዩነቱን ከጣና ራሱ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ኖሮት ጥልቀቱ ከ15 ሜትር የማይበልጠው ይህ ሐይቅ፣ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ በተባለው መጤ አረም ተይዟል። አረሙ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ በጣና ላይ በብርቱ የተስፋፋው በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ነው። ቆሮሶና አምባዛ የሚያጠምደው ዓሣ አስጋሪ መረቡ ይያዝበታል፤ ከብት ለማጠጣት የሚወርደው አርሶ አደር የውኃው መንገድ ይዘጋበታል፤ ታንኳውም አያልፍም።

በዚህ ጉዳይ ላይ የባዮሎጂ መምህሩ የሚያስተምረው ግልጽ ነው። እምቦጭ በዘርም በቁርጥራጭም ይራባል፤ ምቹ ሁኔታ ሲያገኝ በሁለት ሳምንት ገደማ በእጥፍ ሊበዛ ይችላል፤ ዘሩ በደለል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ከእርሻ ማሳና ከከተማ በጎርፍ የሚገባው ማዳበሪያና ፍሳሽ ደግሞ ይመግበዋል። ስለዚህ ዛሬ የታጨደበት ሥፍራ በመጪው ክረምት ተመልሶ ቢሸፈን ለመምህሩ የሚያስደንቅ አይሆንም። ጋዜጠኛው ወደ ዳርቻው ወርዶ በእጃቸው ሲነቅሉ የሚውሉትን አርሶ አደሮች፣ የቆመውን ማጨጃ ማሽንና ክምሩ ከውኃው ዳር ሳይነሣ መቅረቱን ይዘግባል። የኮሙኒኬሽን ባለሙያው ሥራ ደግሞ ሰው ማንቀሳቀስ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ለአንድ ወር የታወጀው ዘመቻ ከሩቅ አካባቢ ሳይቀር ገንዘብና ጉልበት ያሰባሰበው በዚህ ቅስቀሳ አማካይነት ነው። ይህ ሊናቅ የሚገባው ውጤት አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው ከዘመቻው ማግሥት ነው። መግለጫው የጸዳውን የሔክታር መጠን በመቶኛ ያስቀምጣል፤ ቁጥሩም በዚያን ቀን ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ዘሩ በጭቃው ውስጥ እንዳለ ያልተነገረው አርሶ አደር በቀጣዩ ዓመት አረሙ ሲመለስ ያየ እንደሆነ፣ የሚደርስበት መደምደሚያ ‹‹ዋሽተውናል›› የሚል ነው። ለሁለተኛው ዘመቻ ሲጠራም እግሩ ይከብዳል። መምህር የነበረ ቃል አቀባይ ቀድሞ በክፍል ውስጥ ይለው የነበረውን አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ‹‹በየዓመቱ ይመለሳል፣ ስለዚህ በየዓመቱ እንነቅላለን›› የሚለውን፣ በመግለጫው ውስጥ ለማስገባት መቻል አለመቻሉ ነው ፈተናው። ዓረፍተ ነገሩን ከመግለጫው የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ባለሙያው ሳይሆን የበላይ ኃላፊው ነው፤ ይህንንም ሥራውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

በዚህ ፈተና ውስጥ ማለፍ በአገራችን ከባድ ዋጋ ያስከፈለባቸው ሰዎች አሉ። ከጣና በስተ ደቡብ ምዕራብ በአቸፈር የተወለዱትና በማስታወቂያ ሚኒስቴር በጋዜጠኝነት የሠሩት ደራሲ አቤ ጉበኛ ‹‹አልወለድም›› የተባለው ልቦለዳቸው በ1955 ዓ.ም. እንደ ታተመ ታግዶ ተሰብስቧል። የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ የነበሩት በዓሉ ግርማ ደግሞ ‹‹ኦሮማይ›› በ1975 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ከሥራቸው ተባርረው በ1976 ዓ.ም. የገቡበት ሳይታወቅ ቀርቷል። የልቦለዱ ዋና ባለ ታሪክ ለመንግሥት ዘመቻ የተመደበ ጋዜጠኛ መሆኑ ለያዝነው ጉዳይ ቅርበት አለው።

የቃል አቀባይ ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳለው ባህር ዳር በሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ምሽት አይታለች። የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንንን ጨምሮ ሦስት ከፍተኛ አመራሮች ሕይወታቸውን ባጡበት በዚያ ጥቃት፣ ስለ ሁኔታው ለሕዝቡ በቴሌቪዥን ቀድመው የተናገሩት የጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት ፕሬስ ሴክሬታሪው አቶ ንጉሡ ጥላሁን ነበሩ። አቶ ንጉሡ ከዚያ ቀደም የአማራ ክልል መንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ቢሮን መርተዋል። ኢንተርኔት በአገሪቱ ተቋርጦ ስለነበር ነዋሪው የነበረው አማራጭ ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ አለዚያም የጎረቤት ወሬ ነበር። እንዲህ ባለ ሌሊት ተናጋሪው ለዓመታት ያጠራቀመው አመኔታ ካለ ያን ጊዜ ይወጣል፤ ከሌለ በዚያች ሰዓት ሊፈጠር አይችልም።

የሦስቱ ሙያዎች ጉዞ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ 19 ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ትምህርት እንደገና ተፈላጊ ሆኖ፣ ስቱዲዮዎች ማስተማር የሚችል ሰው መፈለግ ነበረባቸው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን በዘጋበት ጊዜም ያው ጥያቄ ተመልሶ መጥቷል፤ ክፍል በሌለበት ልጆቹን ማን ያስተምራል የሚል። ያ የስቱዲዮ ዝምታ፣ የማይታዩት ልጆች የሚመልሱበት ጥቂት ሰኮንድ፣ በዜና ንባብ ወይም በመግለጫ አጻጻፍ የሚለመድ አይደለም።

የኃላፊነት ዘመናቸውን ጨርሰው ወደ ማስተማር የሚመለሱም አሉ። ጋዜጠኝነት በሚያጠኑ ወጣቶች ፊት የሚቆም የቀድሞ ቃል አቀባይ፣ ስለ ዜና አጻጻፍ ገና ማብራራት ሳይጀምር ከኋላ ወንበር እጅ ሊወጣበት ይችላል። ጥያቄውም ‹‹በዚያ ዓመት የሰጡት መግለጫ ላይ ያለው ቁጥር ትክክል ነበር ወይ?›› የሚል ይሆናል። መግለጫው በበኩር ገጾች ላይ ታትሞ ወይም በሬዲዮው ክምችት ተቀርጾ ስለሚገኝ ተማሪው አስቀድሞ አይቶት ሊመጣ ይችላል።